ሁለተኛው አቤቱታ፦ አካልን ነፃ የማውጣት ሥርዓትና የፍርድ መጨረሻነት በአሜሪካ ሕግ



የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው። አንድ እስረኛ «የታሰርኩት ከሕግ ውጭ ነው» ብሎ ለፍርድ ቤት አመልክቶ አቤቱታው ውድቅ ቢደረግበት፣ ለሁለተኛ ጊዜ በዚያው ደጅ ሊቆም ይችላልን? ለሦስተኛ ጊዜስ? ላይ ላዩን ሲታይ ጉዳዩ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በጥልቀት ሲመረመር ግን ሁለት መርሖች የሚጋጩበት ቦታ ነው። አንደኛው ክርክር አንድ ቦታ ላይ መቋጨት አለበት የሚለው መርሕ ሲሆን፣ ሁለተኛው ማንም ሰው ከሕግ ውጭ ነፃነቱን ሊያጣ አይገባም የሚለው ነው።

ጥያቄውን የምመረምረው በአሜሪካ ሕግ ነው። እዚያ ጉዳዩ በዝርዝር ተደንግጓል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሲመላለስበት ኖሯል። የውጭ አገር ሕጎችንና ፍርዶችን ዓመታት የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ላሳውቅ።

በቅድሚያ ስለ ጽንሰ ሐሳቡ ጥቂት ልበል። ሄቢየስ ኮርፐስ፣ በሕጋችን አጠራር አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ አሳሪው እስረኛውን ይዞ ፍርድ ቤት እንዲቀርብና በምን ሥልጣን እንደያዘው እንዲያስረዳ የሚያስገድድ ሥርዓት ነው። በእኛ ሕግ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 ጀምሮ ተደንግጓል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 4 የተያዘ ሰው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ፍርድ ቤት ካልቀረበ አካሉ ነፃ እንዲወጣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ያረጋግጣል። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ የሕግ ተማሪ ስለዚህ አቤቱታ ሲሰማ በዐይነ ኅሊናው የሚመጣበት ክስ ሳይመሠረትበት በፖሊስ እጅ የቆየ ሰው ነው።

በአሜሪካ ግን ሥርዓቱ ከዚህ ርቆ ሄዷል። ሕገ መንግሥታቸው በአንቀጽ 1 ክፍል 9 ይህ ዋስትና ከዐመፅና ከወረራ ጊዜ በቀር እንዳይታገድ ይከለክላል። በ1867 የወጣው ሕግ የፌዴራል ዳኞች በክፍላተ ግዛት እጅ ያሉ እስረኞችን አቤቱታ ጭምር እንዲያዩ ሥልጣን ሰጣቸው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ ሥርዓቱ ተፈርዶበት ይግባኙንም የጨረሰ ሰው የተፈረደብኝ ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ተጥሶ ነው የሚልበት መንገድ ሆነ። ስለ ተደጋጋሚ አቤቱታ ስንናገር እንግዲህ ስለዚህ ዓይነቱ፣ ከመጨረሻ ፍርድ በኋላ ስለሚቀርብ አቤቱታ መናገራችን ነው።

በጥንቱ የእንግሊዝ የልማድ ሕግ በድግግሞሹ ላይ ገደብ አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አቤቱታው ውድቅ የተደረገበት እስረኛ ይግባኝ የሚልበት መንገድ አልነበረውም። የቀረው አማራጭ ወደ ሌላ ዳኛ መሄድ ብቻ ነበር። በለንደን የተሰየመው የንጉሡ አማካሪ ምክር ቤት የፍርድ ጉባኤ በ1928 ይህንኑ መርሕ ያጸናው ከናይጄሪያ በመጣ ጉዳይ ነው። የሌጎሱ ባህላዊ መሪ ኤሹግባዪ ኤሌኮ በቅኝ ገዥው መንግሥት ትእዛዝ ከከተማው ተወስደው ተይዘው ነበር። ጉባኤው አንድ ዳኛ አቤቱታውን ውድቅ ማድረጉ ሌላው ዳኛ በራሱ ሚዛን ከመመርመር እንደማያግደው ወሰነ።

በአሜሪካ ግን በዚያን ጊዜ ይግባኝ ተፈቅዶ ስለነበር የጥንቱ ምክንያት ላልቶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1924 በአንድ ቀን ሁለት ፍርዶችን ሰጠ። በሳሊንጀር ጉዳይ፣ በፍርድ ያለቀ ነገር እንደገና አይታይም የሚለው መርሕ አካልን ነፃ በማውጣት አቤቱታ ላይ እንደማይሠራ፣ ዳኛው ግን የቀድሞውን ውሳኔ ከግምት ሊያስገባ እንደሚችል ተናገረ። በዎንግ ዱ ጉዳይ ደግሞ አመልካቹ በመጀመሪያው አቤቱታ አንሥቶት ያላስረዳውን ነጥብ፣ ማስረጃውን ለኋላ አቆይቶ በሁለተኛው ይዞ ሲመጣ፣ ይህ ሥርዓቱን ያለ አግባብ መጠቀም ነው ብሎ አሰናበተው። ከሁለቱ ፍርዶች የምንረዳው ድግግሞሹን የሚገታው የዳኛው ፈቃደ ሥልጣን እንደነበረ ነው።

በ1963 የተወሰነው የሳንደርስ ጉዳይ የዚህን አስተሳሰብ ከፍተኛ ደረጃ ያሳየናል። እስረኛው በመጀመሪያው አቤቱታው ፍሬ ነገር ሳይዘረዝር ደምደም ያለ ቅሬታ አቀረበ፤ ውድቅ ተደረገ። በሁለተኛው ግን ፍርዱን በተቀበለበት ጊዜ በእስር ቤት በተሰጠው አደንዛዥ መድኃኒት ምክንያት አእምሮው የተስተካከለ እንዳልነበረ ዘርዝሮ አመለከተ። በዳኛ ብሬናን የተጻፈው ፍርድ ጉዳዩ እንዲሰማ አዘዘ። የፍርዱ ምክንያት ሕይወትና ነፃነት በተያዘበት ክርክር ተራው የመጨረሻነት መርሕ ሙሉ ኀይል ሊኖረው አይችልም የሚል ነው። ያው ነጥብ ቀድሞ በፍሬ ነገሩ ተመርምሮ ከተወሰነ፣ እንደገና ማየቱም ለፍትሕ የማይጠቅም ከሆነ ዳኛው ሊያልፈው ይችላል። አዲስ ነጥብ ከሆነ ግን እስረኛው ሆን ብሎ እንዳቆየው ካልታየ በቀር ሊሰማ ይገባል።

በዚያው ዓመት ፕሮፌሰር ፖል ቤይተር በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ያሳተሙት ጽሑፍ ተቃራኒውን አቋም አጠናከረ። ማንኛውም ፍርድ ሊሳሳት ይችላልና ፍጹም ርግጠኝነት እስኪገኝ እንመርምር ካልን ምርመራው ማቆሚያ የለውም፤ ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ እስረኛው የተሟላና ፍትሐዊ መድረክ አግኝቶ ነበር ወይ የሚለው ነው አሉ። በ1970 ዳኛ ሄንሪ ፍሬንድሊ ሌላ ሐሳብ ጨመሩ። በእርሳቸው እምነት ከፍርድ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ በአብዛኛው እስረኛው ንጹሕ ሊሆን እንደሚችል ከሚያመለክት ነገር ጋር መያያዝ ነበረበት። የኋለኛው ዘመን ሕግ ከሁለቱም ወስዷል።

የለውጡ ምዕራፍ የተከፈተው በ1991 በመክሌስኪ ጉዳይ ነው። ዋረን መክሌስኪ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት አንድ ፖሊስ ገድሏል ተብሎ በ1978 ሞት የተፈረደበት ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ከቀረቡበት ምስክሮች አንዱ በአጎራባች ክፍል ታስሮ የነበረና «ገደልኩ ሲል ሰምቻለሁ» ያለ እስረኛ ነው። መክሌስኪ ይህ ሰው በመንግሥት የተመደበ ሰላይ ነው የሚለውን ነጥብ በክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት አንሥቶ ነበር፤ ማስረጃ ግን አልነበረውም። ስለዚህ በመጀመሪያው የፌዴራል አቤቱታው ውስጥ አላካተተውም። በ1987 ይኸው ምስክር ለፖሊስ የሰጠው ባለ 21 ገጽ ቃል ወጣ። የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም ሰውየው እስረኛውን እንዲያናግረው ታስቦ አጠገቡ እንዲታሰር መደረጉን በፍሬ ነገር አረጋገጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ6 ለ3 ድምፅ በሁለተኛው አቤቱታ ላይ የተነሣውን ነጥብ አልቀበልም አለ። ከዚህ በኋላ አዲስ ነጥብ ይዞ የሚመጣ እስረኛ ቀድሞ ያላነሣበትን በቂ ምክንያትና የደረሰበትን ጉዳት ማስረዳት አለበት፤ ካልቻለም ነጥቡ ባለመሰማቱ ንጹሕ ሰው ተቀጥቶ እንደሚቀር ማሳየት አለበት ሲል ደነገገ። ዳኛ ማርሻል በልዩነት ሐሳባቸው፣ ይህ መንግሥት ማስረጃ በመሸሸጉ እንዲጠቀም ያደርገዋል ብለው ተቃወሙ። መክሌስኪ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ተገደለ።

ቀጣዩ እርምጃ የሕግ አውጭው ነው። በኤፕሪል 1995 በኦክላሆማ ሲቲ በፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ላይ በተጣለው የቦምብ ጥቃት 168 ሰዎች ካለቁ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፀረ ሽብርና ውጤታማ የሞት ቅጣት ሕግን ኤፕሪል 24 ቀን 1996 ፈረሙ። ሕጉ የመጀመሪያው አቤቱታ በመርሕ ደረጃ ፍርዱ የመጨረሻ በሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ወሰነ። በክፍለ ግዛት ፍርድ የታሰረ ሰው ቀድሞ ያነሣውን ነጥብ ደግሞ ቢያቀርብ ያለ ምርመራ ውድቅ ይሆናል። አዲስ ነጥብም ቢሆን የሚሰማው በሁለት ሁኔታዎች ብቻ ነው። አንደኛው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ ያደረገው አዲስ የሕገ መንግሥት መርሕ ሲኖር ነው። ሁለተኛው በተገቢ ትጋት ቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ፍሬ ነገር ሲገኝ ነው፤ ይኸውም የሕገ መንግሥት ጥሰቱ ባይፈጸም ኖሮ ማንም ምክንያታዊ ፈራጅ ጥፋተኛ አይለውም ነበር ለማለት የሚያስችል ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሦስት ዳኞች የሚሰየሙበት የይግባኝ ችሎት መፍቀድ አለበት። ችሎቱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይጠበቃል፤ ከከለከለም ክልከላው ይግባኝ አይባልበትም፣ ለጠቅላይ ፍርድ ቤትም በአቤቱታ አይቀርብም።

ሕጉ በወጣ በሁለት ወር ውስጥ ሕገ መንግሥታዊነቱ በፌልከር ጉዳይ ተፈተነ። ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ሕጉን አጸና። የድግግሞሽ ገደብ ከጥንት ጀምሮ ሲያድግ የመጣ ሐሳብ በመሆኑ ዋስትናውን ማገድ አይደለም፤ ደግሞም እስረኛው በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የማመልከት መንገዱ አልተዘጋም አለ። ይህ የቀረው መንገድ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ያሳየው የትሮይ ዴቪስ ጉዳይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 በቀጥታ የቀረበለትን አቤቱታ ተቀብሎ የንጽሕና ማስረጃው እንዲሰማ ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት ሲመራ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካደረገ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖት ነበር። ማስረጃው ተሰምቶ በቂ አይደለም ተባለ፤ ዴቪስ በሴፕቴምበር 2011 ተገደለ።

ይህን ሕግ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ከመንቀፋችን በፊት ግን የያዘውን እውነት ልንመሰክርለት ይገባል። ጊዜ በሄደ ቁጥር ምስክሮች ይሞታሉ፣ ይረሳሉ፣ ማስረጃ ይጠፋል። የተበዳይ ቤተሰብ በየዓመቱ ቁስሉ ሲነካካ ይኖራል። የዳኛ ጊዜ ውስን ነው፤ ፍሬ የሌለው አሥረኛ አቤቱታ የሚወስደው ሰዓት ፍሬ ካለው ከሌላ እስረኛ የመጀመሪያ አቤቱታ ላይ የሚቀነስ ነው። ሞት የተፈረደበት ሰው ደግሞ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየመዘዘ ቀን ለመግዛት የሚገፋው ምክንያት እንዳለው መካድ አይቻልም። ስለዚህ ገደብ መኖሩን አልቃወምም። ጥያቄዬ ገደቡ በምን ላይ እንደሚቆም ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው። የድግግሞሽ ገደብ ጽድቁን የሚያገኘው «ቀድሞ ዕድል ነበረህ» ከሚለው ሐሳብ ነው። ዕድሉ በእውነት ያልነበረ ከሆነ ግን ገደቡ የቆመበት መሠረት አብሮ ይወድቃል።

ይህን በሁለት መንገድ ልናየው እንችላለን። የመጀመሪያው የመጀመሪያውን አቤቱታ ሁኔታ መመርመር ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 በፊንሊ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ከይግባኝ በኋላ ለሚቀርብ አቤቱታ እስረኛው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት ሕገ መንግሥታዊ መብት የለውም። የሞት ፍርደኞች በሕግ ጠበቃ ይመደብላቸዋል፤ ሌሎቹ ግን በአብዛኛው በገዛ እጃቸው ይጽፋሉ። የሕግ ትምህርት የሌለው ሰው ከማረሚያ ቤት ውስጥ ሆኖ፣ በአንድ ዓመት ጊዜ፣ ሊያነሣ የሚችለውን ነጥብ ሁሉ ለይቶ እንዲያቀርብ ይጠበቃል። አንዱን ቢረሳ ሁለተኛው በር የሚጠብቀው በሁለቱ ጠባብ ሁኔታዎች ነው። በ2025 የተወሰነው የሪቨርስ ጉዳይ እንደሚያሳየው፣ የመጀመሪያው አቤቱታ በታችኛው ፍርድ ቤት ተወስኖ በይግባኝ ላይ ሳለ እንኳ አዲስ ማስረጃ ይዞ የሚቀርብ ሁለተኛ ማመልከቻ እንደ ተደጋጋሚ ይቆጠራል። በዚያ ጉዳይ አዲሱ ማስረጃ የተገኘው እስረኛው ከቀድሞ ጠበቃው እጅ ከተቀበለው የራሱ መዝገብ ውስጥ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ዕድሉ ጨርሶ ሊኖር የማይችልበትን ሁኔታ መመልከት ነው፤ ይኸውም ሕጉ ራሱ ኋላ ሲለወጥ ወይም ትክክለኛ ትርጉሙ ዘግይቶ ሲታወቅ ነው። ጁን 26 ቀን 2015 በጆንሰን ጉዳይ፣ መሣሪያ በያዙ ተደጋጋሚ ወንጀለኞች ላይ ቅጣት የሚያከብድ አንድ የሕግ ሐረግ ግልጽነት ስለሌለው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተባለ። ይህ ፍርድ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሠራል ወይ በሚለው የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ተለያዩ። ፈቃድ የተከለከለ እስረኛ ደግሞ ክልከላውን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መውሰድ አይችልም። ስለዚህ ልዩነቱ የተፈታው በመጀመሪያ አቤቱታ ላይ በነበረ በሌላ እስረኛ፣ በዌልች ጉዳይ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2016 ነው። የአንድ ዓመቱ ገደብ የሚያበቃው ግን ጆንሰን ከተወሰነበት ቀን ተቆጥሮ ነበር፤ ለቀሩት እስረኞች የተረፋቸው አሥር ሳምንት ያህል ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው በጁን 2023 የተወሰነው የጆንስ ጉዳይ ነው። አመልካቹ ቀድሞ በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት ሳለ መሣሪያ ይዟል ተብሎ በ2000 በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ፤ የ327 ወር እስራት ተፈረደበት። በዚያን ጊዜ በአካባቢው ይሠራበት በነበረው ትርጉም፣ ሰውየው መሣሪያ መያዝ ከተከለከሉት ሰዎች አንዱ መሆኑን ማወቁ መረጋገጥ አያስፈልገውም ነበር። እርሱ ግን የቀድሞው ፍርዴ ከመዝገብ የተሰረዘ ይመስለኝ ነበር ሲል ተከራክሮ ነበር። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሬሃይፍ ጉዳይ፣ ዐቃቤ ሕግ ይህን ዕውቀት ማስረዳት አለበት ብሎ ወሰነ። ጆንስ ያን ጊዜ የመጀመሪያ አቤቱታውን ከተጠቀመበት ብዙ ዓመታት አልፈዋል። አዲሱ ፍርድ የተራ ሕግ ትርጉም እንጂ የሕገ መንግሥት መርሕ አይደለምና በአንደኛው ሁኔታ አይገባም፤ አዲስ ፍሬ ነገርም አይደለምና በሁለተኛው አይገባም። በ6 ለ3 ድምፅ በሩ ተዘጋበት። አብላጫው ሕግ አውጭው ሁለት ሁኔታዎችን ብቻ መፍቀዱ ሌላውን ሁሉ መከልከሉ ነው አለ። ሦስቱ ዳኞች ግን፣ ይህ ትርጉም ሕጉ ወንጀል ብሎ ላልደነገገው ድርጊት የታሰረ ሰው መድኃኒት አልባ ሆኖ እንዲቀር ያደርጋል ሲሉ ተቃወሙ።

ተማሪዎች እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ጆንስ ማስረጃ አልደበቀም፤ ቀን ለመግዛትም አልሞከረም። በመጀመሪያ አቤቱታው ይህን ነጥብ ቢያነሣ ኖሮ በጊዜው በነበረው ትርጉም ይወድቅበት ነበር። የተሳሳቱት ሕጉን የተረጐሙት ፍርድ ቤቶች ሲሆኑ፣ ዋጋውን የከፈለው እርሱ ነው። እዚህ ላይ የመጨረሻነት መርሕ ከተደጋጋሚ ክርክር መከላከያነቱ አልፎ የሕጋዊነት መርሕን ራሱን ተክቷል።

ሌላ አማራጭ አለን? እንግሊዝ ራሷ የጥንቱን ልቅ ልማድ በ1960 በወጣ ሕግ ገድባለች። ገደቡ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚነገር ነው፤ አዲስ ማስረጃ ካልቀረበ በቀር በዚያው ምክንያት ሁለተኛ አቤቱታ አይቀርብም። በዚህ ድንጋጌ የተዘጋው የተሰማው ነገር ነው፤ ያልተሰማው ለዳኛው ሚዛን ተትቷል። የእንግሊዙ አቤቱታ እንደ አሜሪካው በተፈረደባቸው ሰዎች እንደማይጨናነቅ እገነዘባለሁ፤ ስለዚህ እንዳለ ይቀዳ አልልም። መለያ መስመሩ ግን ትክክለኛ ቦታ ላይ የተሠመረ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ይህ ሁሉ እኛን አይመለከትም የሚል ሊኖር ይችላል፤ የእኛ አቤቱታ ከፍርድ በፊት ላለ እስር ነውና። ነገር ግን ሁለት ነጥቦችን ላንሣ። አንደኛ፣ በእኛ ሥርዓት አንድ ሰው አመልክቶ ከተፈታ በኋላ እንደገና ቢያዝ፣ ሁለተኛው አቤቱታ የመጀመሪያው ድግግሞሽ አይደለም። የሚመረመረው አዲስ እስር ነው። እያንዳንዱ መያዝ የራሱን ምክንያት ለፍርድ ቤት ማቅረብ አለበትና «ቀድሞ ተወስኗል» የሚለው መልስ እዚህ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ነጥብ ጆንስን ይመስላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ተደንግጎ ነበር፤ ያው አዋጅ ችሎቱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችልም አስቀምጧል። ሰበር ችሎቱ አንድን የወንጀል ድንጋጌ ሰፋ አድርጎ ተርጉሞ ሰዎች ከተፈረደባቸው በኋላ ትርጉሙን ቢያጠብ፣ በቀድሞው ትርጉም የታሰሩት ምን ይሆናሉ? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 22 ንኡስ አንቀጽ 2 ከድርጊቱ በኋላ የወጣ ሕግ ለተከሳሹ ወይም ለተቀጣው ሰው የሚጠቅም ከሆነ እንደሚሠራበት ይናገራል። «የተቀጣው ሰው» የሚለው ቃል ከመጨረሻ ፍርድ በኋላም ያለውን እስረኛ እንደሚያቅፍ ልብ በሉ። አከራካሪው ነገር «የወጣ ሕግ» የሚለው ሐረግ አስገዳጅ የሰበር ትርጉምንም ይጨምራል ወይ የሚለው ነው። በእኔ አስተያየት ትርጉሙ የበታች ፍርድ ቤቶችን እንደ ሕግ ሲያስገድድ ለመንግሥት ጥቅም ሕግ፣ ለእስረኛው ጥቅም ግን ተራ አስተያየት ሊሆን አይገባም። በየትኛው ችሎትና በምን ሥርዓት እንደሚቀርብ ግን በጥናት ሊመለስ የሚገባው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከዚህ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። አባባሉ እውነት ጊዜ እንደሚወስድ ያስታውሰናል። የሥነ ሥርዓት ሕግ ግን በተፈጥሮው ቀነ ገደብ ያበጃል፤ ያለ ቀነ ገደብም ሊሠራ አይችልም። ሕግ አውጭውም ዳኛውም ገደብ ሲያበጁ መጠየቅ ያለባቸው እስረኛው ስንተኛ ጊዜው ነው ብቻ ሳይሆን፣ የሚለው ነገር በእርግጥ ተሰምቶ ያውቃል ወይ የሚለውንም ነው። የተሰማ ከሆነ በሩ ቢዘጋ ቅር አንሰኝም። ያልተሰማና ሊሰማም ያልቻለ ከሆነ ግን የአቤቱታው ተራ ቁጥር አንድን ሰው ወንጀል ባልሆነ ነገር አስሮ ለማቆየት በቂ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁንና የተለየ አስተያየታችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።